ባዶዎቹ ክፍሎች የት ገቡ? ስለ ኤስኪውኤል (ከዳታቤዝ መረጃ መጠየቂያ ቋንቋ) የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ከፒያሳ፦ ሌፍት ጆይንና ራይት ጆይን ምን ይለያቸዋል?

አቅጣጫ ብቻ፣ እህቴ። ጆይን ሁለት ቴብሎችን (የመረጃ ሠንጠረዦችን) በአንድ የጋራ ኮለም (ዓምድ) ያገናኛል። ሌፍት የግራውን ቴብል ረድፎች፣ በቀኙ አቻ ባይኖራቸውም፣ በሙሉ ያመጣል፤ ራይት የቀኙን። አንዱን ልመጂ፤ እኔ ሌፍትን እመርጣለሁ።

ከማራኪ፦ የእንግዳ ማረፊያ አለን። ለጥምቀት ሁሉንም ክፍል ከነያዡ ለማየት ሌፍት ጆይን ጻፍኩ። የተያዙት ብቻ መጡ።

ይሄ ጥያቄ ሳይነሳ የቀረበት ሳምንት ትዝ አይለኝም፤ እስቲ ረጋ ብለን እንየው። ወንድሜ፣ «ቀኑ ጥር 10 የሆነ» የሚለውን ዌር (ረድፍ ማጣሪያው) ውስጥ ነው አይደል የጻፍከው? ችግሩ እሱ ነው። 7 ቁጥር ክፍል ያዥ የለውም እንበል። ሌፍት ጆይን ያመጣዋል፤ የቀኑ ኮለም ላይ ግን ነል (ምንም ያልተሞላበት) ይሆናል። ዌር ደግሞ «ነል ከጥር 10 ጋር እኩል ነው?» ብሎ ይጠይቃል። መልሱ እውነትም ሐሰትም አይደለም፤ አይታወቅም ነው። ዌር የሚያሳልፈው እውነት የሆነውን ብቻ ነው፤ 7 ቁጥር ወደቀ። ለገና ብቻ የተያዘው 9 ቁጥርም አብሮ ይወድቃል። ሌፍት ጆይን ጽፈህ ኢነር ጆይን (በሁለቱም ቴብል አቻ ያላቸውን ረድፎች ብቻ የሚያመጣውን) አገኘህ ማለት ነው። የሚያስፈራኝ ምንም የስህተት መልእክት አለመምጣቱ ነው። ባዶ ክፍል እያለህ ለከተራ የመጣውን እንግዳ «ሞልቷል» ብለህ ትመልሰዋለህ!

የቀኑን ቅድመ ሁኔታ ከክፍል ቁጥሩ ቀጥሎ ኦን (ቴብሎቹ በምን እንደሚገናኙ የሚጻፍበት ቦታ) ውስጥ አስገባው። ከዚያ ረድፍ ቁጠር። ማረፊያው 20 ክፍል ካለው ከ20 ያነሰ ረድፍ ሊመጣ አይችልም።

ከአራዳ፦ ካውንት ኮከብ (መቁጠሪያውን፣ COUNT(*)) ስል ያዥ ለሌለው ክፍል 1 ይለኛል።

ረድፉን ስለሚቆጥር ነው። በኮከቡ ፋንታ የማስያዣ ቁጥሩን ኮለም ስጪው፣ ነልን ስለማይቆጥር 0 ይልሻል።

ከቀበሌ 18፦ ማይኤስኪውኤል (የዳታቤዝ ፕሮግራሙ) ፉል አውተር ጆይን፣ የሁለቱንም ቴብል ረድፎች በሙሉ የሚያመጣውን፣ እምቢ አለኝ።

አያውቀውም። ሌፍቱንና ራይቱን በዩኒየን (የሁለት ጥያቄ ውጤት አንድ ላይ በሚደረድረው) አገናኛቸው። ዩኒየን የተደጋገመ ረድፍ ስለሚያጠፋ እዚህም ረድፍ ቁጠር።

ከአዘዞ፦ ክሊኒክ ነው የምሠራው። ቀጠሮ የሌላቸውን ታካሚዎች በሌፍት ጆይን ለይቼ ልሰርዝ?

ኧረ አይሆንም፣ የኔ ልጅ! መለየቱን ትችያለሽ፤ ሌፍት ጆይን አድርገሽ የቀጠሮ ቁጥሩ «ኢዝ ነል» የሆነውን ፈልጊ። «እኩል ነል» ካልሽ አንድም አይመጣም። ቴብሎቹን ያገናኘሽበት ኮለም ከተሳሳተ ደግሞ ታካሚው ሁሉ ቀጠሮ የሌለው ይመስላል፤ ያኔ ከሰረዝሽ የሰው የሕክምና ታሪክ ጠፋ ማለት ነው። ዝርዝሩን አውጥተሽ ረድፍ ቁጠሪ፣ እዚያ ላይ አቁሚ። ባክአፕ ወስዶ መጀመሪያ በቅጂው ላይ የሚሞክር የዳታቤዝ ባለሙያ ጥሪ።