‹‹ከስንቱ?›› ብላችሁ ጠይቁ፦ የጎንደር አድማጮች ጥያቄና የስታቲስቲክስ ባለሙያ መልስ

ከአዘዞ፦ በቴሌግራም 5,000 ሰው ድምፅ የሰጠበትና ባለሙያዎች 400 ቤት አንኳኩተው ያመጡት ውጤት ቢለያይ የቱን እንመን?

በዕጣ የተመረጡ ቤቶች ከሆኑ የ400ውን። ስህተቱ ወደላይም ወደታችም ከመቶ 5 ገደማ ነው። ጤፍ ገዢ የጆንያውን አፍ ብቻ አይቶ አይገዛም፤ እጁን ሰድዶ ከሥር ዘግኖ ያያል። ቴሌግራም የጆንያው አፍ ነው፤ ስልክ የሌለውና ዝም ያለው ከሥር ቀርቷል።

ከማራኪ፣ አንዲት እናት፦ ሰፈራችን ኩፍኝ ገብቶ ከታመሙት ልጆች የሚበዙት የተከተቡ ናቸው። ሁለተኛውን ክትባት ላስቀረው ይሆን?

አደራ እናቴ፣ እንዳያስቀሩት! ወረቀትና እርሳስ ይያዙልኝ። 1,000 ልጆች አሉ እንበል፤ 900ው አንዴ ተከትበዋል፣ 100ው ጨርሶ አልተከተቡም። በ9 ወር የሚሰጠው ክትባት ከ100 ልጆች 85 ያህሉን ይጠብቃል። በሽታው ሁሉም ጋ ቢደርስ ከተከተቡት ቢበዛ 135 ይታመማሉ። ካልተከተቡት ከ10 ዘጠኙን ስለሚይዝ 90 ይታመማሉ። የታመሙትን ብቻ ከቆጠሩ የተከተቡት በለጡ። ‹‹ከስንቱ?›› ብለው ሲጠይቁ ግን 135 ከ900፣ 90 ከ100 ነው፤ ያልተከተበው ልጅ የመታመም ዕድሉ ቢያንስ ስድስት እጥፍ ነው። የተከተቡት የበዙት መጀመሪያውኑ ብዙ ስለነበሩ ብቻ ነው። በ15 ወር የሚሰጠው ሁለተኛው ክትባት ደግሞ የመጀመሪያው ያልያዘላቸውን ይደርስላቸዋል። ክትባት በሌለበት አንድ የኩፍኝ ታማሚ ከ12 እስከ 18 ሰው ያስይዛል፤ ስለዚህ ስርጭቱ እንዲቆም ከ100 ልጆች 95ቱ ሁለቱንም መውሰድ አለባቸው። 80 አይበቃም። የታመሙትን ብቻ ቆጥሮ ክትባት ማስቀረት ልጅ ይገድላል።

ከአራዳ፦ የክትባት ሽፋን 104 ከመቶ ሲባል ሰማሁ። እንዴት ይሆናል?

ሽፋን ክፍልፋይ ነው፤ ላዕሉ (የላይኛው ቁጥር) የተከተቡት ልጆች፣ ታህቱ (የታችኛው) አሉ ተብለው የተገመቱት ናቸው። አገራችን ሕዝብ የቆጠረችው ለመጨረሻ ጊዜ በ1999 ዓ.ም. ነው፤ ያኔ ጎንደር ከተማ 207,044 ሰው ነበራት። ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ ግምት ነው። ግምቱ ካነሰ፣ ወይም የአጎራባች ወረዳ ልጆች እዚህ መጥተው ከተከተቡ፣ ቁጥሩ ከ100 ያልፋል። ሁሉም ልጅ ተከተበ ማለት ግን አይደለም፤ ያልተከተቡት ከዚህ ቁጥር ጀርባ ተደብቀው ይቀራሉ። አሁንም ‹‹ከስንቱ?›› በሉ።

ከቀበሌ 18፦ አማካይ ደመወዝ ያታልላል?

አዎ። ዘጠኝ ሠራተኛ 6,000 ብር፣ አንዱ 96,000 ቢያገኝ አማካዩ 15,000 ነው፤ 15,000 የሚያገኝ ግን የለም። ሁሉንም በደመወዛቸው አሰልፋችሁ መሃል ላይ ያለውን እዩ።

ከፒያሳ፦ ልጄ 2 ዓመቷ ነው፤ ሁለተኛውን ክትባት አልወሰደችም። ዛሬ ትኩሳትና ሽፍታ ወጣባት።

ይህን በስሌት አልመልስም። አሁኑኑ ጤና ጣቢያ ይውሰዷት፤ ሌሎች ልጆች እንዳይያዙ ገና በር ላይ ‹‹ሽፍታ አላት›› ብለው ይናገሩ። የክትባት ካርዷንም ይያዙ።