እነዚያ 6 ደቂቃዎች

የተከበራችሁ መምህራን፣ የሙያ ባልደረቦቼ፣ ዘንድሮ በሶፍትዌር የምትመረቁ ልጆቼ፣ እንደምን አረፈዳችሁ?

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ እሑድ ጠዋት 2 ሰዓት ከ38 ላይ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ቁጥር 302 ከቦሌ ወደ ናይሮቢ ተነሣ። ከ6 ደቂቃ በኋላ ቢሾፍቱ አካባቢ ተከሰከሰ። 157 ሰው አለቀ። ያንን ቀን የማያስታውስ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያለ አይመስለኝም። የኛ ሙያ እዚያ 6 ደቂቃ ውስጥ ስላለበት ነው ዛሬ የማነሣው።

አውሮፕላኑ ከመሬት እንደተላቀቀ፣ ከፊት የሚመጣውን አየር በምን ማዕዘን እንደሚቀዝፍ የሚለካው የግራ ሰንሰር 74.5 ዲግሪ አለ። የቀኙ 15 ገደማ ነበር። መሪው ለማስጠንቀቂያ በዋና አብራሪው እጅ ላይ ይንቀጠቀጥ ጀመር። የግራና የቀኝ የፍጥነት ንባብ ተለያየ። ኤምካስ የተባለው፣ የአውሮፕላኑ አፍንጫ ከልክ በላይ ሲነሣ ቁልቁል የሚያወርደው ሶፍትዌር ደግሞ ያንኑ የተሳሳተ ሰንሰር ብቻ አምኖ አፍንጫውን ቁልቁል ገፋ፤ አብራሪዎቹ ቀና ሲያደርጉት እንደገና ገፋ። ሶፍትዌሩ አፍንጫውን የሚገፋበትን ኤሌክትሪክ አጠፉት። አፍንጫውን ቀና ለማድረግ ጉልበታቸው አጠገብ ያለውን ጎማ በእጅ ለማዞር ሲሞክሩ አልዞር አለ፤ በዚያ ፍጥነት የአየሩ ጫና ከክንዳቸው በላይ ነበር። ኤሌክትሪኩ ሲመለስ ሶፍትዌሩም አብሮ ተመለሰ።

አምስት ወር ሳይሞላ በፊት ኢንዶኔዥያ ላይ በዚሁ ሶፍትዌር የተነሣ ላየን ኤር በተባለው አየር መንገድ አውሮፕላን የተሳፈሩ 189 ሰዎች አልቀዋል። እስከዚያ ድረስ አብራሪዎች በሚያነቡት መመሪያ ውስጥ ኤምካስ የሚባል ነገር መኖሩ እንኳ አልተነገራቸውም ነበር።

ከአደጋው በኋላ ጣታቸውን በአብራሪዎቹ ላይ የቀሰሩ ነበሩ። እኔ «የሰው ስህተት» ሲባል ያመኛል። አውሮፕላኑን የሠራው ቦይንግ አብራሪው በ4 ሰከንድ ውስጥ ችግሩን ለይቶ እርምጃ ይወስዳል ብሎ ነበር ያሰላው። የራሱ የሙከራ አብራሪ ግን በሲሙሌተር ላይ ከ10 ሰከንድ በላይ እንደፈጀበት የአሜሪካ ምክር ቤት ምርመራ አውጥቶታል። ታዲያ ስህተቱ የማን ነው?

ዛሬ ሶፍትዌሩ ሁለቱን ሰንሰሮች ያመሳክራል፤ ካልተስማሙ አይነካም። ልጆቼ፣ ሁለት ቁጥር ማወዳደር የአንደኛ ዓመት ትምህርት ነው።

ነገሩ የአውሮፕላን ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1979 አሜሪካ፣ ስሪ ማይል አይላንድ የኒውክሌር ጣቢያ ላይ አንድ መብራት ጠፋ፤ ሠራተኞቹም ቫልቩ ተዘግቷል ብለው አመኑ። መብራቱ ግን የሚናገረው «ዝጋ» የሚለው ትዕዛዝ መላኩን ብቻ ነበር። ቫልቩ ከሁለት ሰዓት በላይ ክፍት ሆኖ ቆየ፤ የማቀዝቀዣው ውኃ ፈሰሰ።

ከናንተ መካከል ነገ ለሆስፒታል፣ ለመብራት ኃይል፣ ለባቡር የሚጽፍ አለ። ኮዱን ከማስረከባችሁ በፊት አንድ ሌሊት ከነርሷ ጎን ተቀመጡ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ የትኛውን ደወል ሳታየው እንደምታጠፋ ተመልከቱ። ከዚያ ለምን እንደሆነ ጠይቋት፤ መልሷንም ጻፉት።

አመሰግናለሁ።