የነጥቡ ምክንያት የት ተጻፈ?

የተከበራችሁ የግዥ ባለሙያዎች፣ የጨረታ ገምጋሚ ኮሚቴ አባላት እና ተጫራቾች፤ እንደምን አደራችሁ።

ከብዙ ዓመታት በፊት የአንድ መሥሪያ ቤት የጨረታ ገምጋሚ ኮሚቴ አባል ነበርኩ። ለአንድ ተጫራች «የሥራ ልምድ» በሚለው ረድፍ ከ10 ነጥብ 8 ሰጠሁ። ከጎኑ ለምክንያት የተተወውን ቦታ ባዶውን አለፍኩት። ከሦስት ሳምንት በኋላ ያው ተጫራች መሸነፉ ሲነገረው «ሁለት ነጥብ የጎደለብኝ በምንድን ነው?» ብሎ ጻፈ። ቅጹ ፊቴ ተዘረጋ። ፊርማዬ አለ፤ ቁጥሩም አለ። ለምን 8 ሆነ፣ ለምን 9 አልሆነም የሚለውን ግን ላስታውሰው አልቻልኩም። የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ተሰብስበን፣ ውሳኔው ካለቀ በኋላ ለውሳኔው የሚስማማ ምክንያት ስንፈልግ ዋልን። ነገሩ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

ዛሬ እፊታችሁ የቆምኩትም ስለዚያ ባዶ ቦታ ለመናገር ነው። ነጥብ ሲሰጥ ምክንያቱ በዚያው ሰዓት ይጻፍ፤ የተሸነፈው ሲጠይቅም ሳይጉላላ ይሰጠው።

ሁለት ነጥብ ምን ያመጣል የሚል ካለ አብረን እናስላው። ለቴክኒክ 70፣ ለዋጋ 30 ነጥብ የተመደበበት ጨረታ እንውሰድ። የዋጋው ነጥብ የሚገኘው ዝቅተኛውን ዋጋ ለተጫራቹ ዋጋ አካፍሎ በ30 በማባዛት ነው። አንዱ 100፣ ሌላው 120 አቀረቡ እንበል። የመጀመሪያው ሙሉውን 30፣ ሁለተኛው 25 ያገኛሉ። በቴክኒክ የመጀመሪያው 61፣ ሁለተኛው 65 ቢያመጡ ድምሩ 91 ለ90 ይሆናል፤ ርካሹ አሸናፊ ነው። አሁን ኮሚቴው በጨረታ ሰነዱ ላይ ላልሰፈረ ነገር፣ ለምሳሌ ለሰነዱ ማራኪ አቀራረብ፣ ለሁለተኛው 2 ነጥብ ይጨምርለት። 92 ሆነ፤ አሸነፈ። ሕዝቡ 20 በመቶ አስበልጦ ይከፍላል። ለምን ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ በየትኛውም ቃለ ጉባኤ ውስጥ የለም።

ይህ ልምድ ያጡ መሥሪያ ቤቶች ችግር ብቻ አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2008 የአሜሪካ አየር ኃይል በአየር ላይ ነዳጅ የሚሞሉ አውሮፕላኖችን ጨረታ ኖርዝሮፕ ግሩማን አሸንፏል አለ። ቦይንግ አቤቱታ አቀረበ። ጉዳዩን የመረመረው የመንግሥት ተጠያቂነት ጽሕፈት ቤት ከመቶ በላይ ከሆኑት የአቤቱታ ነጥቦች የተቀበለው ስምንቱን ነበር፤ ስምንቱ ግን ውሳኔውን ለመጣል በቁ። አንደኛውን ልብ በሉልኝ፦ የጨረታ ሰነዱ ከተቀመጠው ግብ በላይ ላቀረበ ተጫራች ተጨማሪ ግምት እንደማይሰጥ ይናገራል፤ ገምጋሚዎቹ ግን ሰጡ። መርማሪው የትኛው አውሮፕላን ይሻላል የሚለውን አልወሰነም፤ ያ ሥራው አይደለም። የጠየቀው ግምገማው ራሱ ካወጣው መስፈርት ጋር ይስማማል ወይ ብሎ ብቻ ነው። ጨረታው እንደገና ወጥቶ በ2011 ቦይንግ አሸነፈ።

የብሪታንያው ደግሞ ይበልጥ ያሳስበኛል። በ2012 የትራንስፖርት ሚኒስቴሩ የምዕራብ ጠረፍ ባቡር መስመርን ለፈርስትግሩፕ ሰጠ። ቀድሞ መስመሩን ያስተዳድር የነበረው ቨርጂን ፍርድ ቤት ሄደ። ሚኒስቴሩ ለመከራከር ሰነዶቹን ሲያገላብጥ የራሱን ስህተት አገኘ፤ ተጫራቾች እንዲያቀርቡ የሚጠየቁት ዋስትና የተሰላበት መንገድ የተሳሳተ ነበር። ጨረታው ተሰረዘ፤ የተጫራቾቹን ወጪ ለመመለስ ብቻ ወደ 40 ሚሊዮን ፓውንድ እንደሚያስፈልግ ተገመተ። ከሳሽ ባይኖር ኖሮ ያንን ስሌት ማን ዞሮ ያየው ነበር? ቅሬታ አቅራቢን እንደ ጠላት የምታዩ ኃላፊዎች ይህን ጥያቄ ለራሳችሁ እንድታቀርቡት እለምናችኋለሁ።

ቅሬታ ጊዜ አለው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው፣ ውል ከተፈረመ በኋላ የሚቀርብ አቤቱታ አብዛኛውን ጊዜ ከካሳ ጥያቄ አያልፍም። በ1996 በኦስትሪያ ለአውራ ጎዳናዎች የመረጃ ማስተላለፊያ ሥርዓት የወጣ ጨረታ አሸናፊው በተመረጠበት ዕለት ውሉ ተፈረመ፤ ተሸናፊዎቹ ዜናውን የሰሙት ከጋዜጣ ነው። ጉዳዩ እስከ አውሮፓ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1999 አሸናፊውን የመምረጡ ውሳኔ ከውሉ በፊት ሊመረመር የሚችል መሆን አለበት ተባለ። በ2007 የአውሮፓ ኅብረት በውሳኔውና በፊርማው መካከል ቢያንስ የ10 ቀን መቆያ በመመሪያ ደነገገ። አሥር ቀን ረጅም ጊዜ አይደለም። ሥራው ይቸኩላል ለሚሉኝ ግን የምለው አንድ ነው፦ የፈረሰ ጨረታ ከአሥር ቀን እጅግ የበለጠ ይበላል።

ተጫራቾች ሆይ፣ ለእናንተም የምለው አለኝ። ዝርዝር መግለጫው ለአንድ አቅራቢ ተሰፍቶ የተዘጋጀ መሆኑን ካያችሁ የማስረከቢያው ቀን ሳያልፍ በጽሑፍ ተናገሩ፤ ገብታችሁ ተወዳድራችሁ ስትሸነፉ ብቻ የምታነሱት ከሆነ ሰሚ አታገኙም። «በደል ደርሶብናል» ብቻ ብላችሁ አትጻፉ። የትኛው መስፈርት፣ በስንተኛው ገጽ፣ የተሰጣችሁ ነጥብ ስንት፣ ሊሆን ይገባው የነበረው ስንት እንደሆነ አመልክቱ። ውስጥ ያለ የምታውቁት ሰው ጋ መደወልም ይቅር፤ ያ መንገድ የምትቃወሙት ነገር ራሱ ነው።

ብዙዎቻችሁ ጥርስ ውስጥ እገባለሁ፣ በሚቀጥለው ጨረታ ይበቀሉኛል ብላችሁ እንደምትፈሩ አውቃለሁ። ፍርሃቱ ከመሬት አልተነሣም፤ ቅሬታውን የሚያየው ያው ውሳኔውን የሰጠው አካል ሲሆን ማንም ይፈራል። ለዚህ ነው ከግዥ ፈጻሚው ነጻ የሆነ ሰሚ የግድ የሚያስፈልገው። ያ የአሜሪካው ጽሕፈት ቤት በ100 ቀን ውስጥ መወሰን አለበት፤ በቅርብ ዓመታትም ከአቤቱታዎቹ በግማሽ ገደማው አመልካቹ በቢሮው ውሳኔ ወይም መሥሪያ ቤቱ ራሱ ባደረገው እርማት መፍትሔ አግኝቷል። ሰሚ ባለበት አቤት ማለት ከንቱ ድካም አይሆንም።

በየፊታችሁ ጠረጴዛው ላይ አንድ ባዶ የነጥብ መስጫ ቅጽ አስቀምጫለሁ። የምክንያቱን ዓምድ ከነጥቡ ዓምድ አስቀድሜዋለሁ፤ ገምጋሚው መጀመሪያ ያየውን ከነገጹ ይጽፋል፣ ቁጥሩ ከዚያ ይከተላል። ወስዳችሁ በሚቀጥለው ግምገማችሁ ሞክሩት። የማያሠራችሁን ረድፍ ካገኛችሁም አስምራችሁ መልሱልኝ፤ አብረን እናስተካክለዋለን።

አመሰግናለሁ።