ሰዓቱ ያለፈበት ስትሮክ፦ የረጋው ደም የሚወጣለት ማን ነው?

[ምስል፦ መኝታ ቤት፣ ሊነጋ ሲል]

አንድ ሰው ማታ 4 ሰዓት ላይ ደህና ሆኖ ተኛ። ጠዋት 1 ሰዓት ሲነቃ ቀኝ እጁ አልታዘዝ አለው። አፉ ተጣሟል፣ ቃል አልወጣው አለ። ስትሮኩ መቼ ጀመረ? ማንም አላየም። ስለዚህ ሐኪሞች የሚቆጥሩት ለመጨረሻ ጊዜ ደህና ሆኖ ከታየበት ሰዓት ጀምሮ ነው። 9 ሰዓት ሆነው ማለት ነው።

ድሮ ቢሆን በቃ፣ አልፏል ይባል ነበር። ከብሽሽት በኩል ቀጭን ቱቦ አስገብቶ የረጋውን ደም ከአንጎል ቧንቧ ጎትቶ ማውጣት በአብዛኛው የሚሠራው በመጀመሪያዎቹ 6 ሰዓታት ውስጥ ነበር። ይህን የቀየሩት እ.ኤ.አ. በ2018 የታተሙ ሁለት ጥናቶች ናቸው፤ ዶውን እና ዲፊዩዝ 3።

[ምስል፦ የአንጎል ስካን፣ ሁለት ቀለም]

ዋናው ቦይ የተደፈነበት ማሳ አስቡ። ከፊሉ ደርቋል፤ ቀሪው ግን በጎን በሚሰርግ ውሃ ጠውልጎም ቢሆን አለ። ትልቅ የደም ቧንቧ ሲዘጋ አንጎልም እንደዚሁ ነው። አንዱ ሰው የጎን ቧንቧዎቹ ጥሩ ስለሆኑ 15 ሰዓት ይቆያል፣ ሌላው በ3 ሰዓት ውስጥ ብዙውን ያጣል። እና ሐኪሙ ስካኑ ላይ የሚፈልገው ይህን ነው፦ የሞተው ምን ያህል ነው? የሚድነውስ?

ዲፊዩዝ 3 እስከ 16 ሰዓት ድረስ የመጡትን ተቀበለ። የሞተው ክፍል ከ70 ሚሊ ሊትር በታች መሆን አለበት፤ ደም ያጠረው ክፍል በጠቅላላ ደግሞ ከሞተው ቢያንስ 1.8 እጥፍ። ዶውን እስከ 24 ሰዓት ዘልቆ ሌላ ነገር ጠየቀ፦ በሽተኛው ላይ የሚታየው ጉዳት ከባድ ሆኖ ሳለ የሞተው ክፍል ትንሽ ነው ወይ? አዎ ከሆነ፣ እጁን ያሰረው በአብዛኛው የሞተ ሳይሆን ደም የተጠማ አንጎል ነው። ዕድሜው 80 እና ከዚያ በላይ ከሆነ መስፈርቱ ይጠብቃል፣ ከ21 ሚሊ ሊትር በታች። በዶውን ጥናት ከ90 ቀን በኋላ ራሳቸውን ችለው የኖሩት፣ የረጋው ደም ከወጣላቸው 49 በመቶ፣ መደበኛውን ሕክምና ብቻ ካገኙት 13 በመቶ ነበሩ። እንዲህ ያለ ልዩነት በሕክምና ብዙ አይታይም።

በ2023 ደግሞ ከኔዘርላንድ የወጣ ጥናት የጎን ቧንቧዎቹን በሲቲ አንጂዮግራፊ (የደም ቧንቧዎችን በሲቲ ስካን በሚያሳይ ምርመራ) ብቻ አይቶ መምረጥ እንደሚቻል አሳየ። ለእኔ ትልቁ ዜና ይሄ ነው፤ ውዱ የስካን ሶፍትዌር የሌለው ሆስፒታልም ሊመርጥ ይችላል ማለት ነዋ።

[ምስል፦ ሁለት ሰዓቶች ጎን ለጎን]

ውጭ አገር ያላችሁ ይቺን ስሙኝ። ድንገተኛ ክፍል ስትደርሱ ተደናግጣችሁ «4 ሰዓት ላይ ደህና ነበር» ካላችሁ ነርሷ ከሌሊቱ 10 ሰዓታችንን ትረዳለች። የ9 ሰዓቱ ስትሮክ የ3 ሰዓት ይሆናል፤ ጊዜው ያለፈበት ሰው የረጋ ደም የሚያሟሟ መድኃኒት ሊሰጠውና አንጎሉ ውስጥ ሊደማ ይችላል። «ማታ 10 ሰዓት፣ በእናንተ አቆጣጠር» ብላችሁ ንገሯት።