ትልቁን ዓሣ ምን እናድርገው?

ሰላም፣ ሰላም። እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም። እኔና ማይክሮፎኑ ብቻ ነን፤ ሻዬም አለ። ርዕሱ ለአንዳንዶቻችሁ ግር ሊል ይችላል። ትልቅ ዓሣ ስትይዙ ምን ታደርጉታላችሁ? ትልቅ ስል የምር ትልቅ ነው። ለምሳ ጠብሰው የሚጨርሱት አይደለም። ፎቶ ተነስተው አዲስ አበባ ላለው ዘመድ ሁሉ የሚልኩት ዓይነት።

የማጠምደው ፖቶማክ ወንዝ ላይ ነው፣ አሜሪካ፣ ዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ። ቅዳሜ ጠዋት ወንዙ ዳር ብትወጡ አማርኛ መስማታችሁ አይቀርም። ኩለሩን፣ የበረዶ ሳጥኑን ማለቴ ነው፣ ጎትቶ፣ ቡናውን በፔርሙዝ ይዞ የሚመጣ ሀበሻ በዝቷል። ታዲያ አንዱ ትልቅ ዓሣ ሲያወጣ ሁሉም ሮጦ ይመጣና የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ «ስንት ኪሎ ይሆናል?» እኔ ግን መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ሌላ ነው ባይ ነኝ። ይሄ ዓሣ ማነው? እዚህ ውሃ ውስጥስ ምን ይሠራል? የዛሬው ወሬዬ በሙሉ ይኸው ነው።

የዛሬ ዓመት ገደማ፣ በጸደይ ማብቂያ፣ የተቆረጠ ዓሣ በክብ መንጠቆ ሰክቼ ወደ ጥልቁ ወረወርኩ። ዘንጉ ጎበጠ። ከዚያ ክሩ ከሪሉ፣ ከመጠቅለያው ላይ ይወጣ ጀመር፣ አላባራም። እጄ እስኪዝል ታገልን። ሮክፊሽ የሚሉት ዓሣ ነው ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል እንደሚባለው፣ የወጣው ሌላ ፍጡር ነው። ጀርባው አመድማ ሰማያዊ፣ ሆዱ ነጭ፣ ጢም ያለው፣ ጡጫዬ አፉ ውስጥ ያለ ችግር የሚገባ። ብሉ ካትፊሽ። የአገራችን የአምባዛ ዘመድ በሉት፤ ግን ሌላ ዘር ነው።

ሚዛን አልያዝኩም፣ ሜትር ግን አለኝ። አጥማጆች የሚጠቀሙባት አንዲት ስሌት አለች፣ በደንብ ትሠራለች። የወገቡን ዙሪያ በኢንች ለኩ። ያንን በራሱ አባዙት። ከዚያ በርዝመቱ አባዙና ለ800 አካፍሉ። ክብደቱ በፓውንድ ይመጣል። የእኔው ርዝመቱ 44፣ ወገቡ 29 ኢንች ነበር። አስሉት፣ ወደ 46 ፓውንድ ነው፣ 21 ኪሎ ግድም። በግ ነው እኮ!

ፎቶ ተነሳሁ፣ አልዋሽም። ከዚያ በኋላ ነው ነገሩ የተወሳሰበው።

ብሉ ካትፊሽ የፖቶማክ ልጅ አይደለም። አገሩ ወደ መሐል አሜሪካ ነው፣ ሚሲሲፒ፣ ሚዙሪና ኦሃዮ ወንዞች። ወደዚህ ያመጣው ሰው ነው። የቨርጂኒያ መንግሥት ከ1974 እስከ 1985 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ ጄምስን በመሳሰሉ ወንዞቹ ውስጥ ለቀቀው። ለምን ቢባል፣ ሰው ትልቅ ዓሣ አጥምዶ እንዲደሰት። ጨዋማ ውሃ አይችልም፣ ካለበት ወንዝ አይወጣም ተብሎም ነበር። እሱ ግን ቻለ። በቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ በኩል እየዞረ ከወንዝ ወደ ወንዝ ተዛመተ። አሁን በአንዳንድ የቨርጂኒያ ወንዞች ውስጥ ካለው የዓሣ ክብደት በሙሉ እስከ 75 ከመቶው የእሱ ነው ይባላል። ሸርጣኑን ይበላል፣ ሻድ የሚባለውን ዓሣ ይበላል፣ ያገኘውን ሁሉ ይበላል። በ2023 የሜሪላንድ ገዥ ዌስ ሙር እንዲህ ያሉ መጤ ዓሦች አጥማጁን እየጎዱ ነውና የፌዴራል መንግሥት አደጋ ብሎ ያውጅልን ብለው እስከመጠየቅ ደርሰዋል።

አሁን አስቡት። ሜሪላንድ «የፈለጋችሁትን ያህል ውሰዱ፣ በመጠንም በቁጥርም ገደብ የለም» ትላለች። ቨርጂኒያ ደግሞ በራሷ ወንዞች ላይ ከ32 ኢንች የሚበልጠውን በቀን ከአንድ በላይ አትያዙ ትላለች። ጎረቤታሞች ናቸው፤ ዓሣው ያው ነው። አንዷ ጨርሱልኝ ስትል ሌላዋ ትልልቆቹን ታስጠብቃለች።

የቨርጂኒያው ነገር ያለ ምክንያት አይደለም። ትልቅ ካትፊሽ ፍለጋ ከሩቅ ክፍለ ግዛት የሚመጣ ሰው አለ። ጀልባ ያከራያል፣ ሆቴል ያድራል፣ ገንዘብ ያፈሳል። በ2011 በቨርጂኒያና በሰሜን ካሮላይና ወሰን ካለው ሐይቅ 143 ፓውንድ የሚመዝን ተይዞ የዓለም ክብረ ወሰን ሆኗል። ወደ 65 ኪሎ ማለት ነው፣ አንድ ጎልማሳ ሰው። በዚህ ሥራ የሚኖሩ ሰዎች «ትልቁን መልሱት፣ እንዲህ ለመሆን ሃያ ዓመት ሊፈጅበት ይችላል፤ ደግሞ ትንንሾቹን ወገኖቹንም ይበላልናል» ይላሉ። ሐሳባቸው ይገባኛል። ግን ሃያ ዓመት የበላውንም ሻድና ሸርጣን አብረን እንቁጠር እንጂ!

እሺ፣ ልውሰደው አልኩ። ኩለሩ አልበቃውም፣ ጅራቱ ውጭ ቀረ። ቤት ስደርስ እማዬ ወጥታ አየችው።

«ይሄ ምንድነው?»

«ዓሣ ነዋ እማዬ።»

ጎንበስ ብላ በጣቷ ነካ አደረገችው። «ቅርፊቱ የታለ?»

«የለውም።»

«እንግዲያ ምን ልታደርገው አመጣኸው?»

አበቃ። ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ላይ በውሃ ካለው ሁሉ የሚበላው ክንፍና ቅርፊት ያለው ነው ይላል፤ እማዬም በዚህ ቀልድ አታውቅም። አገር ቤትም እኮ ጣና ላይ፣ ዝዋይ ላይ አምባዛ ሞልቷል፤ በዚሁ ምክንያት የማይነካው ብዙ ሰው ነው። (ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር ውስጥ አታስገቡኝ። እሱ ራሱን የቻለ ሁለት ሰዓት ይፈልጋል፣ ሽማግሌም ሳያስፈልገው አይቀርም።)

እኔ እበላለሁ። እማዬ ይሄን ክፍል ስለማትሰማ ነው የምናገረው። ሁለት ጫማ የማይሞላው ብሉ ካትፊሽ ሥጋው ነጭ ነው፣ ጠንከር ያለ፣ ጭቃ ጭቃ አይልም። ኮተሌት አድርጋችሁ በአዋዜ ብትበሉት ማን አምጥቶት ነው ትላላችሁ። ጎንና ጎኑ ላይ ያለችውን ቀይ ሥጋ ብቻ አውጡ፣ የሚሸተው እሷ ናት።

ትልቁ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ፒ.ሲ.ቢ. የሚባል የፋብሪካ ኬሚካል አለ። አሜሪካ ማምረቱን በ1979 አግዳለች፤ እሱ ግን ወንዙ ደለል ውስጥ አሁንም አለ። ትንሹ ይበላዋል፣ ትንሹን ትልቁ ይበላዋል፣ ስቡ ውስጥ ይከማቻል። ዓሣው በገፋና በወፈረ ቁጥር ጭነቱ ይጨምራል። ቆዳውንና ስቡን ብታነሱ ይቀንሳል። ሜርኩሪ ደግሞ ያለው ሥጋው ውስጥ ስለሆነ ቢላ አይደርስበትም። ለዚህ ነው የጤና መሥሪያ ቤቶቹ ትንሹን ብሉ፣ ትልቁን ተዉ የሚሉት፤ ለእርጉዝና ለሕፃናት ደግሞ ይበልጥ ይጠነቀቃሉ።

እና ያለሁበትን እዩልኝ። መልሼው ቢሆንስ? ወንዙን የሚጨርስ ዓሣ ነው። ልብላው? ለጤና አይሆንም። እማዬ? አልነካም ብላለች። አንድ ጓደኛዬ ስልክ ላይ «ለጎረቤት ስጠዋ፣ የሚበላ አታጣም» አለኝ። እውነቱን ነው፣ አላጣም። ሥጋው ብዙ ነው፣ ሰዉም ኑሮ ከብዶታል። ግን ለልጆቼ የማላበላውን ሥጋ ፈገግ ብዬ ለሌላ ሰው ልጆች ላቀብል? ስጦታ የሚባለው ይሄ አይደለም። ወንዙ ዳር የማውቀው አንድ የኤል ሳልቫዶር ሰው አለ፣ ልጆች ያሉት። ከእኔ ዓሣ ወስዶ ያውቃል። የምሰጠው ትንንሾቹን ነው፤ ምክንያቱንም ነግሬዋለሁ።

ያደረግኩት ይኸው ነው። ዓሣው ገና ወንዙ ዳር ሳለን ሞቷል። ጭንቅላቱን አንዴ በደንብ መትቼ፣ ስንጥቡን ቆርጬ፣ ደሙን አፍስሼዋለሁ። ኩለር ውስጥ ቀስ ብሎ እንዲሞት መተው ጭካኔ ነው፣ ሥጋውንም ያበላሻል። ቤት ከጀርባው በኩል ትንሽ ፊሌቶ ለራሴ አወጣሁ፣ አንድ ራት። ሆዱን፣ ስቡን አልነካሁም። የቀረውን ቆራርጬ በረዶ ውስጥ አድርጌ ሸርጣን ለሚያጠምድ የሥራ ባልደረባዬ ሰጠሁት፣ ለወጥመዱ ማባበያ። ሸርጣኑንም እማዬ አትበላውም፣ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።

አንዳንዱ «ያን የመሰለ ዓሣ ለማባበያ!» ብሎኛል። ትልቅነቱ አስደንቆኛል እኮ። ግን ያስደነቀኝ ነገር ሁሉ ወንዙ ውስጥ መኖር አለበት ማለት አይደለም።

አሁን ገልብጡት። ያን ቀን የመጣልኝ የተመኘሁት ሮክፊሽ ቢሆንስ? በሌላ ስሙ ስትራይፕድ ባስ የሚሉት፣ ጎኑ ላይ ጥቁር መስመር ያለው። 44 ኢንች የሆነ ሮክፊሽ አንድ ደቂቃ እንኳ አያከራክርም፤ ይመለሳል። አንደኛ ሕጉ ነው። ከ2024 ወዲህ በቼሳፒክ የሚወሰደው ከ19 እስከ 24 ኢንች ያለው ብቻ ነው። ሜሪላንድ በጸደይ ትልልቁን ለመያዝ ትከፍተው የነበረውን ወቅትም ያኔ አስቀርታለች። (ደንቡ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ ከመውጣታችሁ በፊት አረጋግጡ።) ሁለተኛ፣ የዚያን ያህል የምታክለው ሴት ናት ማለት ይቻላል፤ በአንድ ጸደይ እንቁላል የምትጥለው በሚሊዮን ነው። ወንዙ ደግሞ ልጅ አጥቷል። ሜሪላንድ በየዓመቱ ጫጩቶቹን በመረብ ትቆጥራለች። በአንድ የመረብ ጉተታ የሚገኘው፣ የረጅም ጊዜ አማካዩ 11 ገደማ የሆነው ቁጥር፣ በ2023 ወደ 1.0 ወርዷል። ከዚህ በፊት እንዲህ ሲከፋ፣ ከ1985 እስከ 1990፣ ማጥመዱ ጭራሽ ተከልክሎ ነበር፤ ዓሣውም ያኔ አገገመ።

ስለዚህ እሷን ከያዛችሁ አትጫወቱባት። እጃችሁን አርጥቡ። መንጋጋዋን ይዛችሁ አታንጠልጥሏት፣ ከሆዷ ደግፏት። ፒንሳው ቀድሞ ኪስ ውስጥ ይሁን። ፎቶ ካስፈለገ አንዴ ቀና፣ ጠቅ፣ ውሃ። በሐምሌ ሙቀት ጭራሽ አታሳድዷት። ውሃው ሲሞቅ ብትለቋትም ልትሞት ትችላለች።

አንድ ወንዝ፣ አንድ ዘንግ፣ አንድ ርዝመት። አንዱ ይሞታል፣ አንዷ ትመለሳለች። ይሄ የፖቶማክ ጣጣ ብቻም አይደለም። ናይል ፐርች የሚባለውን ትልቅ ዓሣ ውሰዱ። ጫሞና አባያ ላይ የቤት ልጅ ነው፣ ከጥንትም እዚያው የነበረ። ቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ ግን በ1950ዎቹ ሰው አምጥቶ የለቀቀው ነው፣ የሐይቁን ትንንሽ ዓሦች ዘር በመቶ የሚቆጠር አጥፍቷል። ቪክቶሪያ ላይ 50 ኪሎ ናይል ፐርች ያወጣ ሰው ቢሸጠው አልቀየመውም። ጫሞ ላይ ለፎቶ ብሎ የሚገድለውን ግን ጥቂት ጥያቄ እጠይቀዋለሁ። ዓሣ አስጋሪው ለእንጀራው የሚይዘው ሌላ ነው፤ እኔ የማወራው እንደኔ ለመዝናናት ስለሚወጣው ነው።

ግድግዳ ላይ መስቀል ለምትወዱ ደግሞ፣ ዓሣውን መግደል የቀረ ነገር ነው። ርዝመቱን፣ ወገቡንና ጥሩ ፎቶ ከሰጣችኋቸው በፋይበርግላስ ቁርጥ እሱን አስመስለው የሚሠሩ አሉ። ዋጋው በኢንች ስለሆነ ትልቅ በያዛችሁ ቁጥር ኪሳችሁ ይጎዳል። እኔ ለባለቤቴ ሐሳቡን አቅርቤ ነበር። ሳሎኑን አንዴ አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ ወደ ኩሽና ሄደች።

ከአርባ ምንጭ የምታዳምጡኝ ካላችሁ፣ ጫሞ ላይ በዘንግ የምታጠምዱ፣ ትልቁን ምን እንደምታደርጉት የድምፅ መልእክት ላኩልኝ። በሚቀጥለው ክፍል አሰማዋለሁ። አትስማሙም? እሱንም ላኩ። ደህና ሰንብቱ።