አኪሌስ ማረ፣ ኤኔያስ ገደለ

የተከበራችሁ የሥነ ጽሑፍ ወዳጆች፣ እንደምን አመሻችሁ!

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ሁለት ጀግኖች ነው። አንዱ የግሪኩ ገጣሚ ሆሜር ኢሊያድ በተባለው ረጅም ግጥሙ የሚተርክለት፣ ግሪኮች ትሮይ የተባለችውን ከተማ ሲወጉ የተዋጋው አኪሌስ ነው። ሌላው ሮማዊው ገጣሚ ቨርጂል ኤኔይድ በተባለው ግጥሙ የሚተርክለት፣ ሮማውያን ዘራቸውን የሚቆጥሩበት የትሮይ ሰው ኤኔያስ ነው።

ሁለቱ ሲነጻጸሩ አኪሌስ ቁጡ፣ ኤኔያስ ደግሞ ኃላፊነት የሚሰማው ሰው ነው ይባላል። ሐሰት አይደለም። የግሪኮቹ የጦር አዛዥ አጋሜምኖን ምርኮኛዋን ብሪሴይስን ስለቀማው አኪሌስ አኩርፎ ቁጭ ይላል፤ ወገኖቹ እያለቁም አይነሳም። ኤኔያስ ግን ትሮይ ስትቃጠል ሽማግሌ አባቱን አዝሎ፣ ትንሽ ልጁን በእጁ ይዞ ይወጣል። በካርቴጅም አማልክት ሂድ ሲሉት፣ የሚወዳትን ንግሥት ዲዶን ትቶ ይሄዳል።

የሁለቱን ግጥሞች መጨረሻ ሳነብ ግን ይህ ንጽጽር ይፈርስብኛል።

የኢሊያድን 24ኛ ክፍል እንይ። የትሮዩ ጀግና ሄክቶር የአኪሌስን የልብ ወዳጅ ፓትሮክሎስን ገድሏል። አኪሌስም ሄክቶርን ገድሎ ሬሳውን በሠረገላ ጎትቷል። የሄክቶር አባት፣ ሽማግሌው ንጉሥ ፕሪያም፣ በሌሊት ጠላቱ ዘንድ ይገባል። ጉልበቱን ይይዛል። ልጁን የገደሉትን እጆች ይስማል። አባትህን አስብ ብሎ ይለምነዋል። ሁለቱም ያለቅሳሉ፤ አንዱ ለልጁ፣ ሌላው ለአባቱና ለወዳጁ። አኪሌስ ሬሳውን ይመልሳል። ለለቅሶና ለቀብሩም 11 ቀን ውጊያ እንዲቆም ይስማማል። በእኔ ዕይታ ከዚህ የበለጠ የጀግንነት ሥራ በግጥሙ ውስጥ የለም።

ቨርጂል ሆሜርን ጠንቅቆ ያውቃል። በኤኔይድ 12ኛና የመጨረሻ ክፍል ኤኔያስን በኢጣሊያ የሚወጋው ጠላቱ ቱርኑስ ቆስሎ ይወድቃል። እሱም በአባት ስም ይለምናል፤ የኤኔያስን አባት አንኪሴስን ያነሳበታል። አንኪሴስ ደግሞ ቀደም ሲል በሙታን ዓለም ለልጁ የተሸነፈን መማር የሮማውያን ሙያ እንደሚሆን ነግሮታል። ኤኔያስ ያመነታል። ወዲያው የቱርኑስ ትከሻ ላይ አንድ መታጠቂያ ያያል። ቱርኑስ ገድሎ የገፈፈው፣ ከኤኔያስ ጎን የተዋጋው የወጣቱ የፓላስ ነው። ደሙ ይፈላል። ሰይፉን ደረቱ ላይ ይሰካበታል። ግጥሙ እዚያው ላይ ያበቃል። ለቅሶ የለ፣ ቀብር የለ፣ ዕርቅ የለ።

ቨርጂል ከክርስቶስ ልደት በፊት በ19 ዓመት ሲሞት ሥራውን አርሞ አልጨረሰም ነበር። ይሁንና ይህ መጨረሻ የቸልታ ውጤት ነው ብዬ አላምንም። ገጣሚው ያደገው ሮማውያን እርስ በርስ ሲተላለቁ እያየ ነው። ስለ አባቶች ክብር የሚናገር ድል አድራጊ በቁጣ ሲገድል ምን እንደሚመስል ያውቃል። አውግስጦስ በነገሠበት ዘመን ይህን መጻፍ ድፍረት ይጠይቃል። እኔ ቨርጂልን የማከብረው ለዚህ ነው።

አመሰግናለሁ።