ማን ነው የሚያስገባው?

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ስለ ሥራዬ ላወራችሁ ነው።

ሥራዬ ቫይረስ ማጥናት ነው። ነገሩ ሰፊ ይመስላል፤ የእኔ ድርሻ ግን አንዲት ጠባብ ጥያቄ ናት። ቫይረሱ ሴሉ ውስጥ እንዴት ገባ? በቃ፣ ይቺው ናት። ከገባ በኋላ እንዴት እንደሚባዛ፣ እንዴት እንደሚወጣ ሌሎች ያጠኑታል። እኔ የማየው ሴሉ ላይ ከተለጠፈበት አንስቶ ውስጥ እስኪዘልቅ ያለችውን አጭር ጊዜ ነው።

ሰው ይህን ሲሰማ ወዲያው "እህ፣ ቁልፍና በር ነዋ!" ይለኛል። የተማርነውም እንዲህ ነው። ቫይረሱ ቁልፍ ይዞ ይመጣል፣ ገጥሞ ሲገኝ በሩ ይከፈታል። ምሳሌውን ብዙም አልወደውም። ቁልፍ የያዘ ሰው መቼ እንደሚከፍት ያውቃል። ቫይረስ ምንም አያውቅም። አይዋኝም፣ አይገፋም፣ ጉልበት የሚያመነጭበት ነገር የለውም። ፈሳሹ ወዲያና ወዲህ ሲያላጋው ሴል ላይ ይለጠፋል። ከዚያ በኋላ አብዛኛውን ሥራ የሚሠራለት ሴሉ ራሱ ነው።

ኢንፍሉዌንዛን እንውሰድ። ላዩ ላይ ሄማግሉቲኒን የሚባል ፕሮቲን አለ። ይህ ፕሮቲን ሴሉ ላይ ያለውን ሳያሊክ አሲድ የሚባል የስኳር ዓይነት ይይዛል። መያዝ ግን መግባት አይደለም። ሴሉ ሁልጊዜም እንደሚያደርገው ሽፋኑን ወደ ውስጥ እያጎደጎደ ውጭ ያለውን ነገር በትንንሽ ከረጢት ይውጣል። ቫይረሱም አብሮ ይዋጣል። ከረጢቱ ወደ ውስጥ በዘለቀ ቁጥር ሴሉ አሲድ ይጨምርበታል፤ የዋጠውን ለመፍጨት እንዲመቸው። ፒኤቹ፣ ማለትም አሲዱ በበረታ ቁጥር የሚወርደው መለኪያ፣ ወደ 5 ገደማ ሲወርድ ሄማግሉቲኒን ቅርጹን ይለውጣል። ተደብቆ የነበረው ጫፉ ተስፈንጥሮ ከረጢቱ ሽፋን ላይ ይሰካል። ቀጥሎ ፕሮቲኑ ለሁለት ይታጠፋል። ሲታጠፍ የቫይረሱንና የከረጢቱን ሽፋን ጎትቶ ያገናኛቸዋል፤ ሁለቱ ይዋሃዳሉ፣ ቀዳዳ ይከፈታል።

ልብ በሉ፤ ሴሉ ሊፈጭበት ያዘጋጀው አሲድ ነው ለቫይረሱ "አሁን!" የሚለው። ፕሮቲኑ ደግሞ አንዴ ከተስፈነጠረ አይመለስም። ምንም ሴል በሌለበት ቱቦ ውስጥ አሲድ ብትጨምሩበት በባዶው ይስፈነጠራል። ያ ቫይረስ ከዚያ በኋላ አይረባም።

አሁን እንደ ቀላል ነገር አወራዋለሁ እንጂ በ1970ዎቹ (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) ብዙ ያከራክር ነበር። ቫይረሱ በሴሉ ሽፋን በኩል በቀጥታ ነው የሚገባው ወይስ ተውጦ? አሪ ሄሌኒየስና ካይ ሲሞንስ የሚባሉ ሁለት ፊንላንዳውያን ከባልደረቦቻቸው ጋር ጀርመን፣ ሃይደልበርግ ሆነው ጉዳዩን ያዙት። የመረጡት ሴምሊኪ ፎረስት የሚባለውን ቫይረስ ነው። ስያሜው የዩጋንዳ ጫካ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1942 እዚያ ከትንኝ የተገኘ ነው። በ1980 ባሳተሙት ሥራ ቫይረሱ በከረጢት ተውጦ እንደሚገባ አሳዩ። ከረጢቱ አሲድ እንዳይሆን የሚያደርጉ ኬሚካሎች ሲጨመሩ ደግሞ ቫይረሱ ይዋጣል፣ ግን እዚያው ታስሮ ይቀራል።

እኛ ላብራቶሪ ውስጥ ይህን ሙከራ ዛሬም እንሠራዋለን፤ በጣም የምወደው እሱን ነው። 96 ጉድጓድ ያለው የፕላስቲክ ፕሌት አለ። በየጉድጓዱ ሴል ተዘርቷል። ቫይረሱን በቅዝቃዜ እንጨምራለን፤ በቅዝቃዜ ይለጠፋል እንጂ አይገባም። ከዚያ እናሞቀዋለን፣ ሰዓት እንይዛለን። አሞኒየም ክሎራይድ፣ ማለትም አሲዱን የሚያጠፋውን ጨው፣ ለአንዱ ረድፍ ወዲያው፣ ለሌላው ትንሽ ቆይተን፣ ለቀጣዩ ይበልጥ ቆይተን እንጨምራለን። ቫይረሱ ከገባ ሴሉ አረንጓዴ እንዲያበራ ተደርጎ የተዘጋጀ ነው። በማግስቱ ማይክሮስኮፕ ላይ ስታዩት የመጀመሪያዎቹ ረድፎች ጨለማ ናቸው። ወደ መጨረሻዎቹ ስትሄዱ አረንጓዴው ብቅ ይላል፣ ይበዛል። ጨለማው አልቆ አረንጓዴው የሚጀምርበት ረድፍ ቫይረሱ ያመለጠበት ሰዓት ነው። በዓይን የማይታይ ነገር ሰዓቱን ነገረን ማለት ነው። ስንቴም ባየው አይሰለቸኝም።

አንዳንዶቻችሁ "ታዲያ ሴሉ ለምን አያስወግደውም፣ ቫይረሱ የሚይዘውን ነገር?" ብላችሁ ትጠይቁኛላችሁ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ችግሩ፣ ያ ነገር ለቫይረስ ተብሎ የተቀመጠ አይደለም። ኮሮና የሚይዘው ኤሲኢ2 የሚባል የሴል ፕሮቲን የደም ግፊትን ከሚቆጣጠሩት አንዱ ነው። ኤችአይቪ ሲዲ4 ከሚባል ሌላ የሴል ፕሮቲን ጋር አብሮ የሚይዘው ሲሲአር5 ደግሞ የበሽታ መከላከያ ሴሎች መልእክት የሚቀበሉበት ነው። እርግጥ ሲሲአር5 የሌላቸው ሰዎች አሉ፤ ያለ እሱ ይኖራሉ። ለዚህም ነው እሱን የሚዘጋ ማራቪሮክ የተባለ መድኃኒት በ2007 የተፈቀደው። ሁሉም ግን እንደዚያ አይደለም።

ኢቦላ ላይ የሆነውን ስሙ። ተመራማሪዎች በየሴሉ አንድ አንድ ጂን በዘፈቀደ ያበላሻሉ። ከዚያ የኢቦላን የላይ ፕሮቲን የለበሰ ሌላ ቫይረስ ይለቁባቸዋል። አብዛኛው ሴል ያልቃል። የተረፉትን ሰብስበው "እናንተ ምን ጎደላችሁ?" ይላሉ። በ2011 የታተመው መልስ ኤንፒሲ1 የሚባል ፕሮቲን ነበር። በዚያው ዓመት ሌላ ቡድንም በሌላ መንገድ እዚያው ደረሰ። የሚገርመው፣ ኤንፒሲ1 ያለው ሴሉ ላይ ሳይሆን ከረጢቱ ውስጥ ነው። ኢቦላ መጀመሪያ ይዋጣል፣ የሴሉ ኢንዛይሞች የላዩን ፕሮቲን ይቆርጡለታል፣ ያኔ ነው ኤንፒሲ1ን መያዝ የሚችለው። ለመፍጫ የተዘጋጁት ኢንዛይሞችም ጠረቡለት እንጂ አልፈጁትም!

እዚህ ላይ ሁሌም ቆም እላለሁ። ኤንፒሲ1 የተበላሸባቸው ልጆች አሉ። ሕመሙ ኒማን ፒክ ሲ ይባላል። ኮሌስትሮል ከሴሉ ከረጢት መውጣት ያቅተውና ይጠራቀማል። ደህና ይራመድ የነበረ ልጅ መውደቅ ይጀምራል። ቀስ በቀስ መናገርም መዋጥም ይከብደዋል። ብዙዎቹ ዕድሜያቸው አጭር ነው። ከእነዚህ ሕሙማን የተወሰደ የቆዳ ሴል ላብራቶሪ ውስጥ ለኢቦላ ሲጋለጥ እምቢ አለ። እኛ ሳይንቲስቶች ወረቀት ላይ "ሴሎቹ ተከላከሉ" ብለን እንጽፋለን፤ ቃሉ የድል ይመስላል። ያ ቤተሰብ የከፈለው ግን ሌላ ነው። ያ ውጤት በተነሳ ቁጥር ሴሉን የሰጠው ልጅ ይታወሰኛል።

ወደ ከረጢቱ ልመለስ፣ ምክንያቱም በ2020 ጣጣ ያመጣብን እሱ ነው። ያን የኮሮና ሰሞን ስልኬ አላርፍ አለ። "ክሎሮኪን እንውሰድ ወይ?" ዘመድ ይደውላል፣ የዘመድ ጎረቤት ይደውላል። ወሬው ከመሬት አልተነሳም። የወባ መድኃኒት የሆነው ክሎሮኪን የከረጢቱን አሲድ ይቀንሳል፤ ቬሮ በሚባሉ ከጦጣ ኩላሊት የተገኙ ሴሎች ላይም ቫይረሱን በደንብ ይገታው ነበር። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ግን የጀርመን ተመራማሪዎች የሰው ሳንባ ሴል ላይ ሞከሩት፤ ምንም አላደረገም። የሳንባው ሴል ላዩ ላይ የቫይረሱን ፕሮቲን የሚቆርጥ ኢንዛይም አለው። እዚያው ውጭ ከተቆረጠለት ቫይረሱ ከሽፋኑ ጋር በቀጥታ ይዋሃዳል፤ ከረጢትም አሲድም አያስፈልገውም። ቬሮ ሴል ይህ ኢንዛይም እዚህ ግባ የሚባል የለውም። እንግሊዝ ውስጥ በብዙ ሕሙማን ላይ የተደረገው ትልቁ ሙከራም ሰኔ ላይ የክሎሮኪን የቅርብ ዘመድ የሆነው ሃይድሮክሲክሎሮኪን ሞትን አልቀነሰም ብሎ ዘግቶት ነበር።

ታሪኩ በዚህ ቢያልቅ ደስ ይለኝ ነበር። በ2022 ደግሞ ኦሚክሮን የተባለው የኮሮና ዝርያ ያንን የላይ ኢንዛይም እንደ ቀድሞዎቹ እንደማይጠቀምና ወደ ከረጢቱ መንገድ እንዳዘነበለ የሚያሳዩ ጥናቶች ወጡ። አንድ ወዳጄ ይህን የሆነ ቦታ አንብቦ በሌሊት ደወለልኝ። "ታዲያ አሁን ክሎሮኪን ይሠራል ማለት ነዋ!" አለኝ፣ በደስታ። "በየትኛው ሴል?" አልኩት። ዝም አለ፤ ከዚያ "አንተ ደግሞ!" ብሎ ዘጋብኝ።